ቤንችማርክና ውኃ ልክ፦ ከምርጡ ጋር ስለ መለካት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)

ፋኩልቲው በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጋብዘኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ስለ ተወልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የመረጥሁት ርእስ አንድ ቃል ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ «ቤንችማርክ»። በስትራቴጂክ ዕቅዶቻችን ውስጥ አለ፤ በሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ሰነዶቻችን ውስጥ አለ፤ በሩብ ዓመት ሪፖርቶቻችን ውስጥም አለ። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፤ «ወርልድ ክላስ»፣ «ስታንዳርድ»፣ «ሴንተር ኦፍ ኤክሰለንስ»። ሁሉም በመሠረቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ከምርጦቹ ጋር እኩል እንቆማለን። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ዛሬ የምጠይቀው፣ ይህን ምኞት በተውሶ ቃል ስንናገረው ምን ይጎድልብናል የሚለውን ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የአማርኛን ድንበር ልጠብቅ አልመጣሁም። አማርኛ ከግእዝ ወርሶ፣ ከዐረብኛ «ሐኪም»ን፣ ከጣልያንኛ «ፋብሪካ»ንና «መኪና»ን ተውሶ ያደገ ቋንቋ ነው። ተውሶ ቃል ከዕቃው ጋር ከመጣ ጉዳት የለውም፤ መኪና ሲመጣ ስሙም መኪናውም አብረው መጥተዋል። የሚያሳስበኝ ስሙ መጥቶ ዕቃው በመንገድ ሲቀር ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ባገለገልሁበት አንድ ተቋም ውስጥ የአንድ ትምህርት ክፍል የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። የሰነዱን መግቢያ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከጻፍሁት ውስጥ አንዱን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «በዘርፉ ስመ ጥር የሆኑ ሦስት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ቤንችማርክ ተደርገዋል»። በተግባር ያደረግነው የሦስቱን ድረ ገጽ ከፍተን የኮርሶቻቸውን ርእስ መገልበጥ ነበር። ተማሪዎቻቸው በአንድ ሴሚስተር ስንት መጽሐፍ እንደሚያነቡ፣ ስንት ድርሰት እንደሚጽፉ፣ መምህሩ የጻፉትን ስንት ጊዜ አርሞ እንደሚመልስላቸው አልጠየቅንም። የእኛንም አልቆጠርንም። ሰነዱ በግምገማ መድረክ ሲቀርብ የተማሪዎች ተወካይ ሆና የተገኘች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ከእነሱ ጋር ስንለካ የት ላይ ሆንን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቱ በፈገግታ አለፈው፤ ሰነዱም ጸደቀ። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያች ተማሪ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ? የቀያሾች ቃል ነው። የብሪታንያ ቀያሾች የመሬትን ከፍታ ሲለኩ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ በድልድይ እግር ወይም በቋጥኝ ላይ አግድም መስመር ይፈለፍሉ ነበር። በዚያ ፍልፍል ውስጥ አንድ የብረት ማዕዘን ይገባና የመለኪያው ዘንግ በላዩ ያርፍበታል። ያ ብረት ለዘንጉ መደብ ሆኖ ስለሚያገለግል በቋንቋቸው «ቤንች» አሉት፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውም ምልክት የመደቡ ምልክት ተባለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ምልክቱ ከሁሉ ከፍ ያለ ቦታ መሆን አይጠበቅበትም። ኰረብታ ላይም ወንዝ ዳርም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ከፍታው የታወቀ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ሌላ ቀያሽ ነገ ተመልሶ ሊያገኘው የሚችል መሆኑ ነው። የቀያሹም ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እኔ የቆምሁበት ቦታ ከዚህ ምልክት ስንት ይበልጣል? ወይስ ስንት ያንሳል?

መነሻ ነጥብ መዋስም ነውር አይደለም። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው ስንል የምንለካው ከባሕር ወለል ነው፤ ከጉና አናት ላይ ግን ባሕር አይታይም። የአገራችን ካርታዎችም ለረጅም ዘመን የተሠሩት አዲንዳን ከሚባል፣ በኑብያ ምድር በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከሚገኝ መነሻ ነጥብ ተነሥተው ነው። በዚህ ማንም አላፈረም፤ ነጥቡ የት እንዳለና ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ በትክክል ይታወቅ ነበርና።

ቃሉ ወደ ሥራ አመራር የተሻገረውም ይህንን ጠባዩን እንደ ያዘ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የቅጂ ማሽን አምራቹ ዜሮክስ በጃፓን ተወዳዳሪዎቹ ገበያውን ተነጠቀ። ዝም ብሎ «ከእነሱ ጋር እኩል ነን» አላለም፤ የእነሱን ማሽን ፈትቶ፣ ወጪያቸውን አስልቶ ከራሱ ጋር አነጻጸረ። የእነሱ መሸጫ ዋጋ የእሱን ማምረቻ ወጪ ያህል ሆኖ አገኘው። እንዲህ ያለው ቁጥር ያሳፍራል፤ ማሻሻያው የተጀመረው ግን ከዚያ እፍረት ነው።

እኛ ዘንድ ቃሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን በየተራ በተስፋፉበት ዘመን ነው። በጉዞው ላይ ግን ቁጥሩ ወደቀ። ቤንችማርክ ማድረግ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ሆነ። ቡድን ይሄዳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ «ምርጥ ተሞክሮ ተቀምሯል» ተብሎ ይጻፋል። ከሄድንበት ቦታ ጋር ስንተያይ ስንት ጎደለን የሚለው ዐምድ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ የለም።

ሙያዬ ቋንቋ ስለ ሆነ ነገሩን በሰዋስው በኩል ላሳያችሁ። አማርኛ የባዕድ ግስ ሲዋስ አብዛኛውን ጊዜ «አደረገ» በሚለው ረዳትነት ያስገባዋል። ስለዚህ «ቤንችማርክ አደረግን» እንላለን። ባለቤቱ እኛ ነን፤ ተሳቢው ያ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ነው። አድራጊው እኛ፣ የሚደረግበት እሱ። የሚለካው ማን ነው? በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። አሁን ደግሞ የራሳችንን ግሶች ውሰዱ፤ «ተለካን»፣ «ተመዘንን»፣ «ተፈተንን»። እዚህ እኛ የምንደረግብን ነን፤ ሚዛኑ ላይ የወጣነው እኛ ነን። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን «ቤንችማርክ አድርገናል» ብሎ ጽፎ ዘና ማለት ይቻላል፤ «ተመዝነናል» ብሎ የጻፈ ሰው ግን «ስንት መጣህ?» መባሉ አይቀርም።

የተውሶ ቃልን ብቻ እንዳልከስስ፣ አማርኛውም ከዚህ አያመልጥም። «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» የሚለውን አባባል አስቡት። ሆቴሉ፣ ስታዲየሙ፣ መጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር ደረጃውን የጠበቀ ነው። ደረጃ ማለት መወጣጫ ነው፤ በደረጃ የሚወጣ ሰው ስንተኛው እርከን ላይ እንደ ደረሰ ይታወቃል። «ደረጃውን» በሚለው ውስጥ ያለችው «ው» ግን የማን ናት? የዓለሙ ደረጃ ነው ወይስ የዕቃው የራሱ? አባባሉ አይነግረንም። ራሱን በራሱ ደረጃ የሚለካ ነገር ሁልጊዜ ደረጃውን እንደ ጠበቀ ይኖራል።

እንግዲህ ከምርጡ ጋር መለካትን የሚያስተምር ነገር በቤታችን የለምን? አለ። ሦስት ምሳሌዎች ላቅርብ፤ ሦስቱም ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ናቸው።

የመጀመሪያው የግንበኛ ዕቃ ነው። ያደግሁት ወንዛዬ አካባቢ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለውን ፍል ውኃ ታውቁታላችሁ። በልጅነቴ አባቴ ቤት ሲያሠራ ግንበኛው ውኃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይሰጠኝና አንዱን ጫፍ ከግድግዳው ጥግ ላይ እንድይዝለት ያዝዘኝ ነበር። እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ማዶው ጥግ ይሄዳል። በሁለቱም ጫፍ ውኃው የቆመበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል። ይህ ነው ውኃ ልክ። አንድ ቀን ሲመሽ ለዐይን ቀጥ ያለ የመሰለን ግድግዳ በውኃው ሲታይ በሁለት ጣት ዘሞ ተገኘ። ግንበኛው የዕለቱን ሥራ ማፍረስ ጀመረ። አባቴ «ተወው፣ ማን ያየዋል?» ቢለው፣ «ጣሪያው ያየዋል» ብሎ ማፍረሱን ቀጠለ።

ዛሬ ደራስያንና ሐያስያን «ውኃ ልክ» የሚለውን ቃል ለመመዘኛ፣ ለማነጻጸሪያ ሲጠቀሙበት እንሰማለን። ተገቢ ነው። እንግሊዝኛው ቃልና አማርኛው ቃል የተወለዱት ከአንድ ሙያ፣ ከፍታን ከማስተካከል ሥራ ነው። ስለዚህ ትርጉም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአማርኛው ቃል ጋር ግን የግንበኛው ግዴታ አብሮ ይመጣል፤ ከዘመመ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ቤተልሔም ነው። በጋይንት ደጋ ላይ የሚገኘው ይህ ደብር የድጓ ማስመስከሪያ ነው። የድጓ ተማሪ ከሸዋም ይምጣ ከወሎ፣ ከጎጃምም ይምጣ ከትግራይ፣ በአገሩ መምህር ዘንድ ብዙ ዓመት ቢቀመጥ እንኳ ቤተልሔም ወጥቶ ካላስመሰከረ በሙሉ አፉ የድጓ መምህር ነኝ አይልም። ለዝማሬና ለመዋሥዕትም እንዲሁ ዙር አምባ አለ። ተማሪው በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ ከምልክቱ የሳተች ዜማ ትታረማለች፤ ካልሞላለት ይቆያል። «አስመሰከረ» የሚለው ግስ አስደራጊ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲመሰክር ማድረግ ማለት ነው። ለራሱ የሚመሰክር የለም።

በቤተልሔም ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። የታወቀ ልክ አለ፤ ድጓው ከነምልክቱ። የሚሰማ ሰው አለ፤ ከተማሪው ጥቅም የማይጋራ መምህር። የመውደቅ ዕድልም አለ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ማስመስከር የሚባል ነገር የለም። የእኔን የያኔውን ዐረፍተ ነገር በዚህ ብትመዝኑት ከሦስቱ አንድም አታገኙበትም። ልኩን አልገለጥንም፤ የሚሰማን አልጠራንም፤ እንድንወድቅም የሚያደርግ መንገድ አልነበረም።

ደግሞ አስተውሉ፤ ቤተልሔም ስሟ የተዋሰ ነው፤ ከይሁዳ ምድር። ደብረ ታቦርም ስሟን የወሰደችው ከገሊላው ተራራ ነው። አባቶቻችን የምርጡን ስም ለገዛ ቦታቸው መስጠትን አልፈሩም። ስሙን ከሰጡ በኋላ ግን ሥርዓት ተከሉበት።

ሦስተኛው ምሳሌዬ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1847 ዓ.ም. የብሪታንያ፣ የፈረንሳይና የቱርክ ጦር ሩስያን በሴባስቶፖል ከብቦ ነበር፤ ከተማዪቱ የወደቀችውም በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በጳጉሜን ነው። የዚያ ዘመን ሰው ስለ ከባድ መሣሪያ ሲያስብ ትልቁ ስም ሴባስቶፖል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ሙያተኞች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው፣ በሙያቸው መድፍ ሠሪ ሳይሆኑ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሞርታር አፈሰሱ። ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። ይህ ከምርጡ ጋር የመለካት ምኞት በአማርኛ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የተጻፈበት ስም ነው። ስሙም ባዶ አልነበረም፤ ዕቃው አብሮት ነበር። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ገደማ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተሠራለት፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ።

ነገር ግን ሌላ ትምህርትም አለው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የሁለቱ ጦሮች ውጊያ ሲደረግ፣ ብሪታንያውያን የያዙት ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ነበር፤ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ወደ 10 ጊዜ ይተኩስበታል። የውጊያው ውጤት የተወሰነው በመሣሪያ ክብደት ሳይሆን በጉርሻ ፍጥነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን የለኩት በ1847ቱ ልክ ነበር፤ የተመዘኑት ግን በ1860ው። በመካከሉ ባለፉት 13 ዓመታት ልኩ ቦታውን ለውጦ ነበር። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ የሙያ ባለቤት በሌለበት ያን ያህል መድፍ ማፍሰስ ዛሬም ያስደንቃል። የምለው፣ ምርጡን ስንመርጥ በምን ረገድ ምርጥ እንደ ሆነና እስከ ዛሬም ምርጥ መሆኑን መጠየቅ አለብን ነው። የሌላውን ሕንጻ ስፋት ስንለካ እሱ በሌላ ነገር ሊቀድመን ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥብቅ በሆነ አሠራር፣ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ ተሰጠ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ቁጥሩ 3.2 በመቶ ገደማ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና መውሰድ ጀመሩ። አገሪቱ ውኃ ልክ አስቀመጠች፤ ግድግዳውም ዘሞ ተገኘ።

እኔን ያሳሰበኝ የቁጥሩ ማነስ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ ማን እንደ ተለካ ስመለከት አዘንሁ። የተለካው ልጁ ነው። ውጤቱ በስሙ ወጣ፤ ወላጆቹ ፊት የቆመውም እሱ ነው። የጻፍነው ሰነድ፣ ያስተማርንበት ክፍል፣ «ቤንችማርክ ተደርገዋል» ያለው ዐረፍተ ነገራችን ግን በመደርደሪያው ላይ በሰላም ተቀምጧል። ለራሳችን «አደረግን» የሚለውን ግስ ይዘን፣ ለተማሪዎቻችን «ተፈተኑ» የሚለውን ሰጠናቸው። በሰዋስው የጀመርሁት ነገር እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። ጣሪያው ያየውን እኛም ልናየው ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በማንኛውም ሰነዳችን ውስጥ «ቤንችማርክ» ወይም «ደረጃውን የጠበቀ» የሚል ቃል ሲገባ ከሥሩ ሦስት መልሶች ይጻፉ፤ ከማን ጋር? በምን ረገድ? ስንት ጎደለን? ሦስቱ ካልተመለሱ ቃሉ ይሰረዝ። ሁለተኛ፣ የምንለካበትን ምርጥ ከሩቅ ብቻ አንፈልግ። አንድ ክፍል ተማሪዎቹን በሴሚስተር አምስት ጊዜ አስጽፎ አምስቱንም አርሞ የሚመልስ መምህር ካለው፣ እሱ ለጎረቤቱ ክፍል በቂ ምልክት ነው። ቀያሹ ምልክት የሚፈልገው ደርሶ ሊለካበት ከሚችልበት ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ እናስመስክር። የምናርመው ፈተናና የምንመራው የመመረቂያ ጽሑፍ ጥቅማችንን በማይጋራ፣ ከሌላ ተቋም በሆነ ሰው ፊት ይቅረብ፤ ውጤቱም ቢያሳፍረን እንኳ ይነገር።

ሌሎችን ከመጥራቴ በፊት ከራሴ እጀምራለሁ። በሚመጣው ሴሚስተር የማርማቸውን የማጠቃለያ ፈተና ወረቀቶች፣ የሰጠሁትን ነጥብ ሸፍኜ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ላለ የሙያ ባልደረባዬ እልካለሁ። የእኔና የእሱ ነጥብ ልዩነት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ የግንበኛው ቱቦም ትንሽ ነበር።

ያቺ ተማሪ «ከእነሱ ጋር ስንለካ የት ላይ ሆንን?» ብላ ነበር። ትክክለኛው መልሴ ይህ መሆን ነበረበት፤ «ልጄ፣ ገና አልተለካንም፤ ቃሉን ብቻ ነው የጻፍነው።» ያን ቀን ይህን ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዛሬ በእናንተ ፊት ብያለሁ።